መጀመሪያ የሌለው የመንስኤ ሰንሰለት፦ ለአራት ኪሎ ወጣት ተከራካሪዎች

ልጆቼ፣

በአራት ኪሎና በፒያሳ ቡና ቤቶች የምታነሱት ጥያቄ የቆየ ነው፤ ዛሬም ግን እንቅልፍ ይነሳል። ይህ ነገር መንስኤ አለው፣ መንስኤውም ሌላ መንስኤ አለው፤ ወደ ኋላ ሲኬድ መቆሚያ አለ ወይስ የለም? አንዱ «መቆሚያ ከሌለ ዛሬ ምንም አይኖርም ነበር» ይላል፤ ሌላው «ቁጥርስ መጨረሻ አለው?» ብሎ ይመልሳል። ሁለት ሰዓት ተከራክረው ሳይግባቡ የሚለያዩት ብዙ ጊዜ ስለ ሁለት የተለያዩ ሰንሰለቶች ስለሚያወሩ ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት «የትኛው ሰንሰለት?» ብላችሁ ጠይቁ።

አንደኛው የዘር ቆጠራ ዓይነት ነው። ለጋብቻ ሰባት ቤት ሲቆጠር አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እየተባለ ይኬዳል። አያት ልጅ ለመውለድ የገዛ አባቱ በሕይወት መኖር አያስፈልገውም፤ የመውለድ አቅሙ የራሱ ሆኗል። ሁለተኛው የመብራት ዓይነት ነው። የቡና ቤቱ አምፖል ከሽቦው፣ ሽቦው ከትራንስፎርመሩ፣ ትራንስፎርመሩ ከማከፋፈያ ጣቢያው፣ ጣቢያው ከግድቡ ተርባይን ይቀበላል። መሀል ላይ አንዱ ሲቋረጥ መብራት ይሄዳል፤ ሽቦ የተቀበለውን ያስተላልፋል እንጂ የራሱ ኃይል የለውም።

የካቶሊኩ የሃይማኖት ሊቅና ፈላስፋ ቶማስ አኳይናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ይህን ልዩነት በጥንቃቄ ይዟል። ዓለም መጀመሪያ እንዳላት ቢያምንም፣ ይህ በእምነት የሚያዝ እንጂ በአመክንዮ የሚረጋገጥ አይደለም ብሏል። ሰው ከሰው እየተወለደ ያለ ወሰን ወደ ኋላ መሄዱ በራሱ የማይቻል ሆኖ አልታየውም፤ አይሆንም ያለው ሁለተኛውን ዓይነት ነው። ብዙ አማኝም ኢአማኝም ይህን ሳያውቅ ይሟገታል።

ሁለተኛው ለምን አይሆንም? ስኳር ልትበደሩ ጎረቤት ሄዳችሁ እንበል። «ከጎረቤቴ ተበድሬ ልስጣችሁ» ትላለች፤ ያቺም እንዲሁ፣ ቀጣይዋም እንዲሁ። ሰፈሩ ማለቂያ ባይኖረው እንኳ አንድ ማንኪያ ስኳር አይገኝም። ልብ በሉ፦ ችግሩ የሰንሰለቱ ርዝመት አይደለም፣ ባለቤት ማጣቱ ነው። ሙስሊሙ ፈላስፋና ሐኪም ኢብን ሲና (980–1037 እ.ኤ.አ.) ነጥቡን በትክክል አግኝቶታል፤ በሌላ ላይ ተደግፈው የሚኖሩ ነገሮች ቢያልቁም ባያልቁም፣ ድምራቸው ከውጭ ደጋፊ ይፈልጋል ብሏል። ስኮትላንዳዊው ፈላስፋ ዴቪድ ሂዩም በ1779 እ.ኤ.አ. በታተመ ሥራው ተቃራኒውን አቅርቧል፦ እያንዳንዱ ክፍል ከተብራራ ስለ ጠቅላላው ሌላ ማብራሪያ መጠየቅ ትርፍ ነው። ሂዩምን ሳትመልሱ አትለፉ።

አሁን ወደ ከባዱ ቦታ እንምጣ። ውኃ ሲቋረጥ ቧንቧው ወዲያው አይደርቅም፤ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ አጠራቅሟልና። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል እጅ ዱላን፣ ዱላው ድንጋይን ሲያንቀሳቅስ የሁለተኛው ዓይነት ምሳሌ አድርጓል፤ ከኒውተን በኋላ ግን የሚከለክለው ከሌለ የተወረወረ ድንጋይ ገፊ ሳያስፈልገው እንደሚቀጥል እናውቃለን። እንቅስቃሴ እንደ ሮቶ ውኃ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ መኖርስ? ነገሮች መኖርን እንደ አምፖሉ በየቅጽበቱ ይቀበላሉ ወይስ አንዴ ተቀብለው ያቆዩታል? ክርክሩ በሙሉ የሚንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ።

የሚያሰናክሉ ሙግቶችም አሉ። «ያለፈው ዘመን ወሰን ከሌለው እዚህ ቀን ላይ ባልደረስን ነበር» የሚለውን የእስክንድርያው ክርስቲያን ፈላስፋ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በኋላም ሙስሊሙ የሃይማኖት ሊቅ አል-ጋዛሊ በየራሳቸው መንገድ አቅርበውታል። ሲመዘን ግን ማለቂያ በሌለው ርቀት ላይ ያለ አንድ «የመጀመሪያ ቀን» በስውር ያስገባል። መጀመሪያ የሌለው ዘመን እንዲህ ያለ ቀን የለውም፤ የትኛውንም ያለፈ ቀን ብትመርጡ ከዚያ እስከ ዛሬ ያለው የሚቆጠር ነው። «እግዚአብሔርንስ ማን ፈጠረው?» ባዩ ደግሞ መነሻውን አጣሟል፤ የተባለው «ሁሉ ነገር መንስኤ አለው» ሳይሆን «በሌላ የሚደገፍ ሁሉ መንስኤ አለው» ነው። እያንዳንዱ ሰው እናት አለው ማለትም አንዲት እናት ሁሉንም ወለደች ማለት አይደለም፤ ስለዚህ መንስኤዎች መቆሚያ አላቸው ቢባል እንኳ መቆሚያው አንድ ብቻ መሆኑ ገና ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል። ከ13.8 ቢሊዮን ዓመት በፊት የሆነውን ታላቅ ፍንዳታም (ቢግ ባንግ) እንደ መዝጊያ አታምጡ፤ ስሌቱ የሚመራን እስከ አንድ ጥንታዊ ሁኔታ ነው፣ ከዚያ በፊት ምንም አልነበረም አይልም።

ለልምምድ በግዕዝ የተጻፈውን የፍልስፍና መጽሐፍ «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ»ን ውሰዱ። ደራሲው ማን እንደሆነ ምሁራንን ያከራክራል፤ ለእናንተ አሁን ሙግቱ ይበቃል። ከወላጅ ወደ ወላጅ ወደ ኋላ እየሄደ ያልተፈጠረ ፈጣሪ ላይ ይደርሳል። እርሳስ ይዛችሁ ከዘር ቆጠራው ወደ መብራቱ የሚሻገርበትን ዓረፍተ ነገር አስምሩ፤ ካላገኛችሁት ክፍተቱን ጠርዙ ላይ ጻፉ።