በምን ልቃኝልሽ?

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ጋሼ፣ ልጄ ክራር መማር ከጀመረች ሦስት ወር ሆናት። አስተማሪዋ አንዴ «ክራርሽን ቃኚ» ይላታል። አንዴ «ቅኝቱ ባቲ ነው» ይላል። ሲለው ደግሞ «ከቅኝት ወጣሽ» ብሎ ያስቆማታል። እሷም እኔም ግራ ገባን። ቅኝት የሚሉት ስኬል (የድምፆች መሰላል) ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አስተማሪዋ ሦስቱንም በትክክል ነው የተናገረው። ግራ ያጋባችሁ አንድ ቃል ሦስት ሥራ መሥራቱ ነው። ይህ የሆነበትን ምክንያት ደግሞ ክራሩ ራሱ ይነግራችኋል።

ክራሩን እዩት። እንደ ጊታር በጣት የሚጫኑት አንገት የለውም። እያንዳንዱ ክር በተወጠረበት ልክ ይጮኻል፤ በቃ። ዜማችን በአብዛኛው በአምስት ድምፆች ነው የሚሄደው። ባለ ስድስት ክር ክራር አምስቱን ይይዛል፤ ስድስተኛው ክር ከአምስቱ አንዱን ከፍ አድርጎ ይደግማል። ስለዚህ ትዝታ በሚባለው ቅኝት ስትጫወት ቆይታ ወደ ባቲ መሄድ ከፈለገች መቃኛዎቹን እያዞረች ክሮቹን እንደገና ማጥበቅና ማላላት አለባት። ክር መወጠሩም፣ ከውጥረቱ የሚወጣው የድምፅ ቤተሰብም «ቅኝት» የተባሉት ለዚህ ነው። በክራር ላይ ሁለቱ አይለያዩም። «ከቅኝት ወጣሽ» ሲላት ደግሞ ድምፁ ከዚያ ቤተሰብ ወጣ ማለቱ ነው።

ስኬል ብትሉት ስህተት አይደለም። ግን ይጎድለዋል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ስንል አምስት ድምፅ ብቻ አንቆጥርም። ዜማው የት እንደሚያርፍ፣ ድምፁ የት እንደሚርገበገብ፣ የሰሚው ሆድ የት ላይ እንደሚባባ አብሮ አለበት። አንድ ነገር ቤት ውስጥ ሞክሩ። ክራሩን ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶ፣ ላ አድርጋ ትቃኘው፤ ይህ ትዝታ ሜጀር ነው። ከዚያ ሚን እና ላን ብቻ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ታድርጋቸው። ትዝታ ማይነር ሆነ። የተነኩት ሁለት ድምፆች ናቸው፤ ቤቱ ግን ሌላ ቤት ይሆናል።

እኔን ያስተማሩኝ ሽማግሌ መጀመሪያ ያስያዙኝ ዘፈን አልነበረም። ክሮቹን ሁሉ አላልተው «ቃኘው» ይሉኝና ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ። «ገና ነው» ይላሉ። አንድ ወር ሙሉ «ገና ነው» ስባል ከረምኩ። ያን ወር በምንም አልለውጠውም። ዛሬ ብዙ ልጆች በስልካቸው መተግበሪያ ይቃኛሉ። ለመጀመር ያግዛል። ልጅሽ ግን ስልኩን አስቀምጣ በጆሮዋ እንድትጨርስ አድርጊ፤ አደራ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦ የሰፈራችን ኮራል (የኅብረ ዝማሬ ቡድን) ውስጥ ገባሁ። መሪዋ «አንተ ቴነር ነህ» አለችኝ። ጓደኞቼ ግን ድምፅህ ወፍራም ነው ይሉኛል። ማን ነው ልክ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ጓደኞችህ የሚያወሩት ስለ ድምፅህ መልክ ነው፤ ወፍራም፣ ቀጭን፣ ጎርናና እንደምንለው። መሪዋ የምትለው ድምፅህ ሳይጨነቅ የት ድረስ እንደሚወጣና እንደሚወርድ ነው። ሶፕራኖ ከፍ ያለ የሴት ድምፅ ነው፣ አልቶ ዝቅ ያለው። ቴነር ከፍ ያለ የወንድ ድምፅ ነው፣ ባስ ዝቅ ያለው። ወፍራም መልክ ያለው ቴነር ሞልቷል።

ለእኛ ሰው ኮራል መጀመሪያ ይከብዳል። ሰርግ ቤት ስናድግ አቀንቃኙ ያወጣል፣ ተቀባዩ ሁሉ ያንኑ ዜማ ይመልሳል። ኮራል ውስጥ ግን አጠገብህ ያለው ባስ ሌላ ዜማ ይዞ ይሄዳል። የእሱን ተከትለህ ብትወርድ አይግረምህ። የቴነሩን ዜማ ለብቻው ቀድተህ እየደጋገምክ ስማ።

«ተቀባይ» ካልኩ አይቀር አንድ ነገር ልጨምር። አዝማሪ ቤት «ተቀበል!» የሚለው ብዙ ጊዜ እንግዳው ነው። ግጥሙን ያቀብላል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በመሰንቆው ያዜመዋል። እዚያ ተቀባዩ ሕዝቡ ሳይሆን አዝማሪው ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦ ለአባቴ በገና ገዛሁላቸው። ሲመቱት ይነዝራል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ እንዲያውም ደህና በገና ነው። በገና ግን ይደረደራል እንጂ አይመታም። የሚመታው ከበሮ ነው፤ ዋሽንት ይነፋል፣ ጸናጽል ይጸነጸላል። ክራር ሁለቱንም ይችላል፦ ይገረፋልም ይደረደራልም። ንዝረቱን የሚያመጣው እንዚራ ነው። ክሮቹ በሚያርፉበት በርኩማ ላይ ከእያንዳንዱ ክር ሥር የምትገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ናት። ከአሥሩ ክሮች አንዱ ሳይነዝር ደርቆ ከቀረ፣ የእሱን እንዚራ በጣት ጫፍ ወደፊትና ወደኋላ እያደረግህ ክሩን ንካው። ቦታዋን ስታገኝ ድምፁ ወዲያው ይሞላል።