ስለ ሜታዶን ለጠየቃችሁኝ

አሜሪካ ውስጥ ካንሰር ታማሚዎች በሚታከሙበት ክፍል የምሠራ ፋርማሲስት ነኝ። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች የሚደጋገሙትን እነሆ።

ጥያቄ፦ እናቴ ካንሰር አለባት፤ ሜታዶን ታዘዘላት። የሱሰኞች መድኃኒት አይደለም እንዴ?

መልስ፦ ሜታዶን እንደ ሞርፊን ያለ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ እንደ ሄሮይን ላለ ሱስም ይሰጣል። ግን እዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1947 ሲፈቀድ ለሕመም ማስታገሻ ነበር፤ ለሱስ ሕክምና የዋለው በ1960ዎቹ ነው። ነርቭ ተነክቶ ለሚያቃጥልና ለሚነዝር ሕመም፣ ሞርፊን አልበቃ ሲል ጥሩ አማራጭ ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ሰውም ከሞርፊን ይሻላል። እህቴ፣ በዚህ አትፍሪ።

ጥያቄ፦ እናቴ ሜታዶኑን ጠዋት ትወስዳለች፣ ከሰዓት ሕመሙ ይመለስባታል። አንድ ፍሬ ልጨምርላት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በፍጹም! ሕመሙን የሚያስታግሰው ከወሰደችው በኋላ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ነው። ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት ግን ከ8 እስከ 59 ሰዓት ይፈጅበታል፤ እንደየሰዉ ይለያያል። ሕመሙ ተመለሰ ማለት መድኃኒቱ ወጣ ማለት አይደለም። የዛሬው በትናንቱ ላይ ይደረባል። ለዚህ ነው በመጀመሪያው ቀን ደህና የነበረች ሰው በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን እንቅልፍ የሚጥላት። ሐኪሞችም መጠኑን ለመጨመር 5 ቀንና ከዚያ በላይ ይጠብቃሉ። በመሃል ለሚመጣው ሕመም ቶሎ የሚሠራ ሌላ መድኃኒት እንዲያዝላት ጠይቅ።

ናሎክሶን (ሜታዶን ሲበዛ ትንፋሽን የሚመልስ፣ አፍንጫ ውስጥ የሚነፋ መድኃኒት) ቤት ይኑር። ስትቀሰቅሳት ካልነቃች ወይም ትንፋሿ ከዘገየ አፍንጫዋ ውስጥ ንፋላትና 911 ደውል። ብትነቃም ሆስፒታል ትሂድ፤ ናሎክሶኑ ቶሎ ያልቃል፣ ሜታዶኑ ይቆያል።

ጥያቄ፦ አባቴ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና አለበት። ሰመመን ሰጪው ሜታዶን እንሰጠዋለን አለ።

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ በደም ሥር አንዴ ብቻ ነው የሚሰጠው። በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ቢታሰብ፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 14 ሚሊግራም ይሆናል። ጥቅሙ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ የአከርካሪ ቀዶ ሕክምና ጥናት፣ ሜታዶን ያገኙት በመጀመሪያው ቀን የፈለጉት ተጨማሪ ማስታገሻ ሌሎቹ ከወሰዱት ግማሽ አይሞላም ነበር። ማታ ትንፋሹን እንዲከታተሉለት ንገሯቸው።

ጥያቄ፦ እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልጾምኩ ትላለች። የጠዋቱን ብትዘለው?

መልስ፦ አትዝለለው። ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን አታስገድድም፤ የንስሐ አባቷ ይንገሯት። ያለፋትን ለማካካስም ሁለቱን አንድ ላይ እንዳትሰጧት።

ጥያቄ፦ የልብ ምርመራው (ኢሲጂ) ለምንድን ነው?

መልስ፦ ሜታዶን የልብን ምት ሊያዛባ ስለሚችል ነው። ሲፕሮ (አንቲባዮቲክ)፣ ፍሉኮናዞል (የፈንገስ መድኃኒት) ወይም ሌላ አዲስ መድኃኒት ከመጀመሯ በፊት ለፋርማሲስቷ ንገሩ። ራሷን ከሳተች ወይም ልቧ ያለ ልክ ከመታ ቀጠሮ አትጠብቁ።