ከቅርጫቱ ስር እግር ይቅደም

ለሴቶች ቡድን ስንት ቁጥር የቅርጫት ኳስ ልግዛ ላሉኝ የወልዲያ መምህር፦ 6 ቁጥር። 7 ቁጥር የወንዶች ነው።

ከኮምቦልቻ የጻፈልኝ ተማሪ ቁመቱ 1 ሜትር ከ88 ነው። አሠልጣኙ ቅርጫቱ ስር አቁሞታል፤ ኳስ በደረሰው ቁጥር ግን ዳኛው «እርምጃ» (ሳያነጥር ኳስ ይዞ ተራመደ) ብሎ ይነፋበታል። በስልኩ ካያቸው ቪዲዮዎች ስድስት ዓይነት ማታለያ ዘርዝሮ በየትኛው ልጀምር ይላል።

አብሽር፣ መፍትሔ አለው። ስድስቱን ግን ለጊዜው ተዋቸው። ወጣት ተጫዋች እግሩን ሳያጸና በትከሻው ለማታለል ሲታገል ሳይ እናደዳለሁ። ኳሷን ስትቀበል ሁለቱንም እግሮችህን በአንድ ጊዜ መሬት አስረግጥ፤ ያኔ የፈለግኸውን እግር ምሰሶ ማድረግ ትችላለህ። ምሰሶ የምለው የጎጆ ምሰሶ ከተተከለበት ስለማይነቃነቅ ነው፤ ሌላው እግር በእርሱ ዙሪያ ይዙር። ለማንጠር ስትነሳ ኳሷ ከእጅህ ሳትወጣ ምሰሶው ከተነሳ ዳኛው አልበደለህም።

ከዚያ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ያዝ። ጀርባህን ለተከላካዩ ሰጥተህ ጉልበትህን እጠፍ፤ ክብደቱ በየትኛው ትከሻህ በኩል እንዳረፈ ይሰማሃል። ወደ ቀኝህ ካዘነበለ ግራ እግርህን ወደ ኋላ ዘርግተህ ከእርሱ እግር ጀርባ አሳርፍ፤ ኳሷን በሁለት እጅህ አንዴ አንጥር፤ በሁለት እግር ዝለልና ሰሌዳውን ተጠቀም። ነቅቶ ከዘጋብህ ሳታነጥር በምሰሶው ዙረህ በሌላው በኩል አግባ።

ደሴ ላይ አንዱን ልጅ ሲሚንቶው ሜዳ ላይ አቁሜ ግራ እግሩን በጠመኔ ከበብኩለት። የመጀመሪያው ቀን ክቡ እንደ ዱቄት ተበተነ፤ ጫማው እስከ ማሰሪያው ነጭ ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት የክቡ ጠርዝ ሳይነካ ዋለ፤ ኳስ የሰጠሁት ያን ቀን ነው። የሌጎስ ልጅ ሀኪም ኦላጁዋንም ወደ ቅርጫት ኳስ የመጣው ከእግር ኳስና ከእጅ ኳስ ሜዳ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1994 እና በ1995 ከአሜሪካው ቡድን ከሂውስተን ሮኬትስ ጋር ዋንጫ ሲያነሣ ረጃጅሞቹን ተከላካዮች ያዞራቸው የነበረው በዚያ እግር ነው።

በየቀኑ ከትምህርት በኋላ በቀድሞው አሜሪካዊ ተጫዋች በጆርጅ ማይካን ስም የሚጠራውን ልምምድ ሥራ፦ ቅርጫቱ ስር ቆመህ አንዴ ከቀኝ በቀኝ እጅ፣ አንዴ ከግራ በግራ እጅ እያፈራረቅህ ሃያ ሃያ ጊዜ አግባ። ኳሷ ከአገጭህ በታች አትውረድ።

«ኳስ ሳልነካ እንዴት ሦስት ሰከንድ ይቆጠርብኛል?» ብላ የተቆጣችው የሐይቅ ተጫዋች፦ ሕጉ ከቡድንሽ የትኛዋ ተጫዋች ኳስ እንደያዘች አይጠይቅም። ቡድንሽ በተጋጣሚው የሜዳ ክፍል ኳሷን እስከያዘ ድረስ ቅርጫቱ ስር ባለው ክልል ከሦስት ሰከንድ በላይ መቆየት አትችይም። አንድ እግር ማውጣትም አይበቃም፤ ሁለቱም ውጭ ይረፉ። ዳኛውን ይቅርታ ጠይቂው።

በረመዳን ልምምድ ላቁም ወይ? አታቁም። ከኢፍጣር በፊት የእግር ሥራውን ቀለል አድርገህ ሥራ፤ ሩጫው ከኢፍጣር በኋላ ይሁን። ሕመም ካለብህ ሐኪም ጠይቅ።

የመጨረሻው ደብዳቤ አሳስቦኛል። ልጁ ኳስ ለመቅለብ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ «ቋ» አለ፤ በዚያው ቀን አበጠ። ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሽቶታል፤ አሁንም ሊዞር ሲል ይከዳዋል። የሚጠይቀኝ ግን በየትኛው እግር ልዙር ብሎ ነው። በየትኛውም አትዙር! ድምፅ ሰጥቶ ወዲያው ያበጠ፣ ቆይቶም የሚከዳ ጉልበት ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ የተበጠሰ ጅማት ደግሞ በማሸት አይቀጠልም። ወጌሻውን አከብራለሁ፤ ይህ ግን የእርሱ ሥራ አይደለም። በዚህ ሳምንት ደሴ ሂድና የአጥንት ሐኪም ዘንድ ቅረብ፤ እስከዚያ ሜዳ አትግባ፣ ለጨዋታ ቢጠሩህም እንኳን። ሐኪሙ ያለህን ጻፍልኝ፤ እጠብቃለሁ።