የፕሬዚዳንት ትእዛዝ «አዋጅ» ይባላልን?

ጥያቄ፦ ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2025 ነጻ የሚባሉ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ዋና ዋና ደንቦቻቸውን ከማውጣታቸው በፊት ለዋይት ሐውስ እንዲያቀርቡ ማዘዛቸውን አንዱ ዜና «አዋጅ አወጡ»፣ ሌላው «ትእዛዝ ሰጡ» አለ። ትክክሉ የቱ ነው?

መልስ፦ ትክክሉ «ትእዛዝ» ነው። «አዋጅ» ማለት ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ክተት ሲያውጁ የንጉሡ ቃል ራሱ ሕግ ነበር፤ ነጋሪት ከተጎሰመ በኋላ ይግባኝ የሚባልበት ደጅ አልነበረም። በዛሬው ሕጋችን ግን የፌዴራል አዋጅ የሚያወጣው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ደንብ የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያ ደግሞ የየተቋማቱ ነው። ይህ ደረጃ በዜና ሲፋለስ አንባቢ ፕሬዚዳንቱ ሕግ ያወጡ ይመስለዋል።

ሕግ ማውጣት ግን የኮንግረስ፣ ማለትም የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ እንጂ የእሳቸው አይደለም። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1952፣ በኮሪያ ጦርነት መካከል፣ የብረት ፋብሪካዎች በመንግሥት እጅ እንዲገቡ አዘዙ። ሠራተኞቹ ሥራ ሊያቆሙ ነበርና ምክንያታቸው ቀላል አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን ሁለት ወር ሳይሞላ 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ሻረባቸው፤ እንዲህ ያለ ሥልጣን ሕገ መንግሥቱም ኮንግረስም አልሰጣቸውም ነበር። የ2025ቱ ትእዛዝም የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው። ለምሳሌ ከነጻ መሥሪያ ቤቶቹ አንዱ የሆነውን የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንን እ.ኤ.አ. በ1914 ያቋቋመው የኮንግረስ ሕግ ነው። ፕሬዚዳንቱ የኮሚሽኑን ረቂቅ አስቀድመው ልይ ቢሉ እንኳ ኮንግረስ ያልሰጠውን ሥልጣን ሊሰጡት አይችሉም፤ ረቂቅ ለሕዝብ አስተያየት ይቅረብ የሚለውን የ1946 ሕግም በትእዛዝ ሊያስቀሩት አይችሉም።

በጥያቄዎ ውስጥ ያለውን «ደንብ»ም «መመሪያ» ቢሉት እመርጣለሁ። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተቋማት የመመሪያ ረቂቃቸውን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡ ስለሚያስገድድ፣ ነገሩ ከአሜሪካው ሥርዓት ጋር ይቀራረባል።

የአብርሃም ሊንከንን የ1863 «የነጻነት አዋጅ» ግን ልማድ ያጸናው ስያሜ ነውና አልነካውም። ለዚህኛው ዜና «ፕሬዚዳንቱ ነጻ መሥሪያ ቤቶች የመመሪያ ረቂቃቸውን አስቀድመው እንዲያቀርቡ አዘዙ» ማለት ይበቃል።