ልጄ ሰነፍ ነው ወይስ የተያዘበት ነገር አለ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን የመፅሄቱ አዘጋጆች። ከባህር ዳር ሽምብጥ ነው የምፅፍላችሁ። ልጄ 10 አመቱ ነው፣ 3ኛ ክፍል ደርሷል ግን እስካሁን ማንበብ አልቻለም፣ አስተማሪው ሰነፍ ነው ትላለች አባቱ ደግሞ ይገርፈዋል። እኔ ግን ሰነፍ ነው ብዬ ማመን አቃተኝ፣ ምክንያቱም ቅዳሜና እሁድ ሐይቁ ዳር አሳ ስሸጥ የቀረሶውንም የአምባዛውንም ሂሳብ በቃሉ ደምሮ ለደንበኛ መልስ የሚሰጥልኝ እሱ ነው። አሁን ት/ቤቱ የትምህርት ሳይኮሎጂስት ይየው አሉኝ። ሳይኮሎጂስት ሲሉ ደነገጥኩ። ልጄን እብድ ነው ሊሉት ነው? ለብቻው ልዩ ክፍል ሊያስገቡት ነው? ወይስ ዘንድሮ ክፍሉን ቢደግም ይሻለዋል?

መልስ፦ እታለም፣ መጀመሪያ ጭንቀቱን ላቅልልሽ። የትምህርት ሳይኮሎጂስት የእብደት ሀኪም አይደለም፣ መድሃኒትም አያዝም። ስራው ልጁ እንዴት እንደሚማር፣ የቱ ጋ እንደተያዘ ማወቅና እናንተም አስተማሪውም ምን ብትቀይሩ እንደሚሻለው ማሳየት ነው። ሙያው ራሱ የተነሳው ካንቺ አይነት ጥያቄ ነው፤ ፓሪስ ውስጥ አልፍሬድ ቢኔና ቴዎዶር ሲሞን የሚባሉ ባለሙያዎች በ1905 እ.ኤ.አ. የአእምሮ ብቃት ፈተናቸውን ያወጡት በትምህርት ልዩ እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለመለየት ነበር፣ ለንደንም በ1913 እ.ኤ.አ. ሲሪል በርት የሚባል ሳይኮሎጂስት የቀጠረችው ለዚሁ ስራ ነው።

ግን ከሁሉ በፊት አይኑንና ጆሮውን አስመርምሪ። ፈለገ ሕይወት ወይ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሄደሽ ጠይቂ። በኛ ክልል ትራኮማ ስንት ሰው እንደሚያሰቃይ ታውቂያለሽ፣ ጆሮው በህፃንነቱ ይመግልበት የነበረ ልጅም ብዙ ነው፤ ሰሌዳው የማይታየው ወይ የአስተማሪውን ድምፅ በግማሽ የሚሰማ ልጅ ሰነፍ ተብሎ አመታት ሊያልፉት ይችላሉ። ይሄ ሳይጣራ ሌላው ምርመራ ሁሉ መሰረት የለውም።

ከዛ ባለሙያው ካንቺ ጋር ቁጭ ብሎ ያወራል፤ አወላለዱ እንዴት ነበር፣ መቼ አፉን ፈታ፣ ከባድ ትኩሳት ወይ አደጋ ነበረው ወይ፣ ቤት ውስጥ ሌላ ማንበብ ያስቸገረው ሰው አለ ወይ ይልሻል። ይሄ የማንበብ ችግር በዘር ስለሚሄድ ነው የሚጠየቀው፣ እናንተን ለመውቀስ አይደለም። የአሳውን ሂሳብ እንዳትረሺ፣ እሱን ንገሪው። በቃሉ ደምሮ መልስ የሚሰጥ ልጅ ጭንቅላቱ እንደሚሰራ ትልቅ ምልክት ነው፣ ችግሩም ፊደል ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ክፍል ገብቶ ያየዋል፦ የት ነው የሚቀመጠው፣ አስተማሪው ስትጠራው ምን ይሆናል፣ ሌሎቹ ይስቁበታል ወይ፣ እረፍት ሰአትስ ከማን ጋር ነው።

ልጁን ለብቻው ሲያየው የሚያደርገውን ደግሞ በደንብ ልንገርሽ፣ እናቶች የሚፈሩት እዚህ ላይ ስለሆነ። መርፌ የለም፣ ማሽን የለም። የፊደል ገበታ ፊቱ ያደርግና "ሞ የቱ ነው?" ይለዋል። ብዙ ልጅ ጣቱን "መ" ላይ ያደርግና መ፣ ሙ፣ ሚ፣ ማ፣ ሜ፣ ም እያለ በዜማ ቆጥሮ ቆጥሮ "ሞ" ላይ ይቆማል። የሚያይ ሰው ፊደሉን ያውቃል ይላል። ያንኑ ፊደል በካርድ ፅፎ ከሌሎቹ ጋር ቀላቅሎ ሲሰጠው ግን ይጠፋዋል፣ ያወቀው ዜማውንና ቦታውን ነበራ። 33ቱን ፊደል ከነ7 ቤቱ፣ 231ዱን፣ በዜማ የሸመደደና አንዱንም ለብቻው የማይለይ ልጅ በየክፍሉ አለ። ከዛ ያለ ወረቀት በጆሮ ብቻ ይጠይቀዋል፦ ከ"ከበሮ" ላይ "ከ"ን ብናወጣ ምን ይቀራል? "በሮ" ማለት ካቃተው ድምፆችን ነጣጥሎ መስማት ላይ ነው የተቸገረው፣ ይሄ ደግሞ የንባብ ችግር ባለባቸው ልጆች በብዛት የሚታይ ነው። መጨረሻ ላይ እዛው 4 ወይ 5 ፊደል በሌላ ዘዴ፣ በአሸዋ ላይ በጣት በማስፃፍ ምናምን ያስተምረውና ምን ያህል እንደያዘ፣ በምን አይነት እርዳታ እንደያዘ ይመዘግባል። ለኔ ከሁሉም የሚበልጠው ምርመራ ይሄኛው ነው፤ ልጁ ዛሬ ብቻውን ከሚያውቀው ይልቅ ነገ በእርዳታ ምን እንደሚችል ያሳያል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። የአእምሮ ብቃት ነው ብሎ አንድ ቁጥር ብቻ ፅፎ የሚሰጥሽ ሰው ካለ አትቀበይው። ውጭ ሀገር ልጆች ላይ ተለክተው የወጡ ፈተናዎች በአማርኛ ስለተተረጎሙ ብቻ ለባህር ዳር ልጅ ትክክለኛ መለኪያ አይሆኑም።

ከባለሙያው ይዘሽ መውጣት ያለብሽ እቅድ ነው፣ የተናጠል የትምህርት እቅድ የሚሉት። እቅዱ "ንባቡ ይሻሻል" ካለ ምንም ማለት አይደለም። በ6 ሳምንት ውስጥ የ"መ"ን፣ የ"ለ"ን፣ የ"በ"ን ቤት ተቀላቅለው ሲመጡለት ይለያል፣ ቤት በየቀኑ 15 ደቂቃ ከእናቱ ጋር፣ ክፍል ውስጥ ከፊት ይቀመጣል፣ ድንገት ተነስተህ ድምፅህን አውጥተህ አንብብ አይባልም፣ የሳይንስ ፈተናውን አስተማሪው በቃል ትጠይቀዋለች፣ እንዲህ ተብሎ ማን ምን እንደሚሰራ ጭምር መፃፍ አለበት። 6 ሳምንቱ ሲያልቅ ቁጭ ተብሎ ይታያል፣ ካልሰራ ዘዴው ይቀየራል።

ልዩ ክፍል ላልሽው፣ ማንበብ ስላቃተው ብቻ ከጓደኞቹ የሚነጠልበት ምክንያት የለም፤ ሀገራችን በ2010 እ.ኤ.አ. ያፀደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም ሆነ የአካቶ ትምህርት የሚባለው አሰራር ልጁ ባለበት ክፍል እርዳታው ወደሱ ይምጣ ነው የሚለው። ክፍል መድገሙን አልመክርሽም። በዛው ማስተማሪያ ያንኑ አመት ቢደግመው ያው ነው የሚሆነው፣ ጓደኞቹ ጥለውት ሲሄዱ ደግሞ ትምህርቱን ይጠላል። ግርፊያው ግን ዛሬውኑ ይቁም፤ ለባልሽ ይሄን ፅሁፍ አንብቢለት፣ የሚፈራ ልጅ ፊደሉ ቀርቶ ስሙም ይጠፋዋል።

የት አገኛለሁ ካልሽ፣ እኛ ጋ እንደ እንግሊዝ አይደለም። እዛ ለልጁ የድጋፍ እቅድ ሲዘጋጅ የትምህርት ሳይኮሎጂስት አስተያየት በህግ ግዴታ ነው፣ ከጥያቄው እስከ እቅዱ ያለው ጊዜም ከ20 ሳምንት ማለፍ የለበትም። እዚህ በየት/ቤቱ የተመደበ ሳይኮሎጂስት ስለሌለ ስራው ለብዙ ሰው ተከፋፍሏል። የክፍለ ከተማሽ ትምህርት ፅ/ቤት ሄደሽ የልዩ ፍላጎት ባለሙያውንና የአካቶ ድጋፍ መስጫ ማዕከል ያለበትን ት/ቤት ጠይቂ፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲም የሳይኮሎጂና የልዩ ፍላጎት መምህራን አሉ። ደብተሮቹን ሁሉ ይዘሽ ሂጂ፣ የተሳሳተባቸውንም ጭምር።

ጥያቄ፦ ዘጌ አካባቢ የማስተምር መምህር ነኝ። 4ኛ ክፍል ያለች ተማሪዬ እያወራኋት ድንገት ፍዝዝ ትላለች፣ ጥቂት ሰከንድ አይኗ ተተክሎ ይቀርና ምንም እንዳልሆነ ትቀጥላለች፣ በቀን ስንቴም ይሆናል። ቤተሰቧ ጠበል እየወሰዷት ነው። ትኩረት ማጣት ነው ብዬ ልተወው?

መልስ፦ መምህር፣ እንዳይተዉት። ይሄ ትኩረት ማጣት ሳይሆን አንድ አይነት የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል፣ መውደቅና መንፈራገጥ የሌለበት ማለት ነው፣ መድሃኒትም አለው። ስለዚህ መጀመሪያ ሀኪም ነው የሚያያት። እርስዎ ለሀኪሙ ትልቁን እርዳታ ማድረግ ይችላሉ፦ ለአንድ ሳምንት በየቀኑ በስንት ሰአት እንደሆነ፣ ስንት ሰከንድ እንደቆየ፣ ስሟን ሲጠሯት ሰማች ወይ፣ ይሄን ብቻ መዝግበው ለወላጆቿ ይስጡ። ጠበሉን እንዲተዉ አይንገሯቸው፣ ሀኪም ካዘዘላት በኋላ ግን መድሃኒቱን ለአንድ ቀን እንኳ እንዳያቋርጡ አደራ ይበሏቸው፣ ካህኑም እንዲያግዝዎት ቢያናግሯቸው ጥሩ ነው። የትምህርት ሳይኮሎጂ ስራ ከዛ ይቀጥላል። በየመሀሉ ያመለጣትን አጠገቧ ያለችው ልጅ ደብተሯን ታሳያት፣ ትእዛዝ ሲሰጡ ይድገሙላት፣ ሰሌዳ ላይም ይፃፉላት።

ጥያቄ፦ ልጄ ንግግሩ ዘግይቷል፣ ያስመዘገብኩበት ት/ቤት ኦቲዝም ይሁን ሌላ ከሀኪም ወረቀት ካላመጣሽ ልንረዳው አንችልም አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ወረቀቱ ለህክምናው ይጠቅማል፣ ምርመራውን ጀምሪ፣ ት/ቤቱ ግን እሱን እየጠበቀ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ልጁ በቃላት ካልገለፀ በስእል ይጠይቅ፣ የቀኑ ፕሮግራም በስእል ይለጠፍለት፣ ትእዛዙ አጭር ይሁን። ይሄን ለማድረግ የማንም ፊርማ አያስፈልግም። ነገ ሄደሽ ርእሰ መምህሩን አናግሪ፣ እምቢ ካሉሽ የልዩ ፍላጎት ባለሙያውን ከትምህርት ፅ/ቤት ይዘሽ ተመለሺ።