ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አንድ ቱቦ ብቻ ነው የቀረኝ፤ አሁን ደግሞ ጎኔን ያመኛል

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 28 ሲሆን የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ከማህፀን ውጭ እርግዝና አጋጥሞኝ በቀዶ ሕክምና የቀኝ የማህፀን ቱቦዬ ወጥቷል። አሁን የመጨረሻ የወር አበባዬን ካየሁ 6 ሳምንት ሆኖኛል፤ የሽንት ምርመራውም እርግዝና አሳይቷል። ከአራት ቀን ወዲህ ከእምብርቴ በታች በግራ በኩል ይወጋኛል፤ ጥቂት ቡናማ ደምም አያለሁ። ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝቼ ስውጥ ይተወኛል። ፅንሱን የማይጎዳው ማስታገሻ የትኛው ነው? ለባለቤቴ ገና አልነገርኩትም።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ዳይክሎፌናኩን ዛሬውኑ ያቁሙ። ማስታገሻ ካስፈለገዎ ፓራሲታሞል በታዘዘው መጠን ይሻላል። ይሁንና ጥያቄዎን ደግሜ ሳነበው ያስጨነቀዎ የመድኃኒቱ ዓይነት አልመስልህ አለኝ። የፈሩት የቀረችዎን አንድ ቱቦ አጥተው ልጅ ሳይወልዱ መቅረትን ነው፤ አራት ቀን የቆዩትም «እንደገና ከማህፀን ውጭ ነው» የሚል ቃል ላለመስማት ይመስለኛል።

ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ ነገሩ ግን እርስዎ የፈሩትን ያህል አልጨለመም። ይህ ችግር አንድ ጊዜ ካጋጠማቸው ሴቶች መካከል በቀጣዩ እርግዝና የሚደገምባቸው ከ10 አንዷ ገደማ ናት፤ የሌሎቹ ፅንስ በማህፀናቸው ውስጥ ይቀመጣል። አንድ ቱቦ ብቻ ይዘው ያለ ተጨማሪ ሕክምና የወለዱ ሴቶችም ብዙ ናቸው። ቀላል ሕመምና ጥቂት ደም በደህና እርግዝናም ጊዜ ይታያሉ።

የእርስዎ ሕመምና ደም ግን ከቀድሞው ታሪክዎ ጋር ሲደመር ዛሬውኑ መታየት አለብዎት ማለት ነው፤ ነገ ወይም ሰኞ አይሆንም። በግልጽ ልንገርዎ፣ አራት ቀን ሙሉ ሕመሙን በማስታገሻ ሲያዳፍኑ መቆየትዎ አስቆጥቶኛል። ማስታገሻ ሕመሙን ያስተኛል እንጂ ፅንሱ ያለበትን ቦታ አይለውጥም። ቱቦ እንደ ማህፀን የመለጠጥ ዐቅም ስለሌለው ፅንሱ በውስጡ ሲያድግ ሊቀደድ ይችላል። ሳይቀደድ ከተደረሰበት፣ የእርግዝና ሆርሞኑ መጠን ዝቅተኛ ከሆነና የፅንሱ ልብ መምታት ካልጀመረ፣ ሜቶትሬክሴት በሚባል መርፌ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊታከምና ቱቦዎም ሊተርፍ ይችላል። ከተቀደደ በኋላ ግን ሐኪሙ የሚሯሯጠው ሕይወትዎን ለማትረፍ ነው፤ ቱቦውን ለማሰብ ጊዜ አይኖረውም። እርስዎ ለቱቦዎ ብለው የሸሹት ምርመራ ቱቦዎን ሊያድን የሚችለው ያው ምርመራ ነው።

በከተማችን ብዙዎችን ስለሚያታልል አንድ የአደጋ ምልክት ደግሞ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። አንድ የግንቦት ቀን ከሰዓት በኋላ ቤተሰቦቿ አንዲት ወጣት በባጃጅ ይዘው መጡ። «ሙቀት መቷት ወደቀች» ብለው ራሷን በውኃ አርሰው፣ ለስላሳ አጠጥተው፣ ግማሽ ቀን በጥላ ሥር አስተኝተዋት ነበር። እርሷ ግን አብዝታ የምታማርረው የቀኝ ትከሻዋን ጫፍ ነበር፤ ለዚሁም ሁለት ቀን የማስታገሻ መርፌ ተወግታለች። በጀርባዋ ስናስተኛት ትከሻዋን የባሰ ስላመማት «ቀና አድርጉኝ» አለች። የታችኛውን የዓይኗን ሽፋን ገለጥ አድርጌ ሳየው ነጭ ወረቀት መስሏል። የወር አበባዋ ሁለት ሳምንት ማለፉን የተናገረችው እኔ ስጠይቃት ነው። ሆዷ ሲከፈት በደም ተሞልቶ ነበር፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች።

ትከሻዋ አንዳች አልሆነም ነበር። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ሆድንና ደረትን የሚለየውን ጡንቻ ሲነካ፣ የዚያ ጡንቻ ነርቭ ከትከሻ ነርቮች ጋር ሥሩ አንድ ስለሆነ ሕመሙ በትከሻ ጫፍ ይሰማል። ጋደም ሲሉ ደሙ ወደ ላይ ስለሚፈስ ይብሳል። በማህፀን በኩል የሚወጣው ደም ጥቂት መሆኑም አያዘናጋ፤ አደገኛው ወደ ውስጥ የሚፈሰው ነው። «ሙቀት ነው ወይስ የውስጥ መድማት?» ብሎ እቤት ለመለየት መሞከር ከንቱ ነው፤ ሙቀት ያደከመውም ሰው ያልበዋል፣ ይዞርበታል። ስለዚህ የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ተዝለፍልፋ ከወደቀች፣ ወይም ትከሻዋን እያመማት ሆዷ ከጠነከረ፣ ምግብም ሆነ መጠጥ ሳይሰጣት እንደ ድል ጮራ ወዳለ ቀዶ ሕክምና ወደሚሠራበት ሆስፒታል በቀጥታ ትወሰድ። ፋርማሲ ደጃፍ አትቁም።

ወደ እርስዎ ስመለስ፣ የሚያስፈልግዎ በብልት በኩል የሚደረግ አልትራሳውንድ ነው። ማህፀንዎ ባዶ መስሎ ቢታይም ወዲያው ተስፋ አይቁረጡ፤ እርግዝናው ገና ትንሽ ሊሆን ስለሚችል ቤታ ኤችሲጂ የሚባለው የደም ምርመራ ተሠርቶ ከ48 ሰዓት በኋላ ይደገማል። ለድጋሚው አለመቅረት ግዴታዎ ነው። ሆድዎን ማንም አይሽዎ፤ ከማህፀን ውጭ የተቀመጠን ፅንስ ወደ ቦታው የሚመልስ እጅ የለም።

የቀድሞውን የቀዶ ሕክምና ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ የደም ዓይነትዎ ኔጌቲቭ ከሆነም ይንገሯቸው። ባለቤትዎም ከመሄድዎ በፊት ይስማ። ሌሊት ተዝለፍልፈው ቢወድቁ፣ እርጉዝ መሆንዎን ለሐኪሙ የሚናገር ሰው አጠገብዎ ሊኖር ይገባል።