ለጀማሪ ጋዜጠኞች፦ «እውነተኛ እናቷ» ከማለታችሁ በፊት

ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ ሪፖርተር ደውላ «ጋሼ፣ በጉዲፈቻ ያሳደገቻትን ሴት "እናቷ" ልበል ወይስ "አሳዳጊዋ"?» አለችኝ። «እናቷ በያት» ብዬ ዘጋሁት። ከዘጋሁ በኋላ ግን አንድ የቆየ ቁጭት ተነሳብኝ።

የጋዜጣ ገጽ በመቀስና በሙጫ የሚሰናዳበት ዘመን ነበር። በጉዲፈቻ ያደገች አንዲት ወጣት ወላጅ እናቷን ፈልጋ አገኘች። ፍለጋውን ያስጀመሩት ያሳደጓት እናት ናቸው። ሰነዱን የለቃቀሙት፣ ልጅቷ ስታመነታ «ሂጂ እንጂ» ያሏት እሳቸው ነበሩ። ቤታቸው ሄጄ ሳነጋግራቸው የልጅቷን ሰርተፍኬቶች ከቁም ሳጥን አወጡ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድም አልጎደለም። «የወላጅ ፊርማ» በሚለው ቦታ ሁሉ የእሳቸው ፊርማ አለ። መጀመሪያ አካባቢ ጥንቅቅ ያለ ነው፣ እየቆየ ጭረት ብቻ ሆኗል። «ኋላ ላይማ ሰለቸኝ» ብለው ሳቁ።

ርዕሱን «ወላጅ እናቷን አገኘች» ብዬ ጽሑፉን አስረከብኩ። ማታ ገጹን የሚያሰናዳው ሰው ርዕሱ ቦታውን አልሞላ አለው። ሁለት ፊደል ያህል ክፍተት ቀረ። «ወላጅ» ሦስት ፊደል ነው፣ «እውነተኛ» አምስት። ቀየረው፤ ሞላለት። ክፋት አልነበረበትም። ጠዋት ጋዜጣው ወጣ፦ ያሳደጓት እናት ፎቶ፣ ከላዩ «እውነተኛ እናቷን አገኘች»።

ረፋዱ ላይ ደወሉ። አልጮሁም። «ልጄ፣ እኔ ታዲያ የውሸቷ ነኝ?» ብቻ አሉኝ።

እርማቱ በውስጥ ገጽ፣ ከጨረታ ማስታወቂያ ሥር ወጣ። ፊት ገጽ ላይ ይሁን ብዬ ከአለቃዬ ጋር ተጨቃጨቅኩ፤ አልሰማኝም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የድሮ ነገር ነው አትበሉኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. የሪዮ ኦሎምፒክ ጊዜ የአሜሪካው ቴሌቪዥን ጣቢያ የኤንቢሲ አንድ ተንታኝ ስለ ጂምናስቲክ ተወዳዳሪዋ ሲሞን ባይልስ ወላጆች ትዊተር ላይ ተከራከረ። ሮን ባይልስ በሥጋ አያቷ ነው፣ ኔሊ ሚስቱ ናት፤ በጉዲፈቻ ወስደው አሳድገዋታል። ተንታኙ ግን «እናትና አባት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ወላጆቿ ግን አይደሉም» ብሎ ድርቅ አለ። በኋላ ጽሑፉን አጥፍቶ ይቅርታ ጠየቀ። የሲሞን መልስ አጭር ነበር፦ ወላጆቼ ወላጆቼ ናቸው፣ አለቀ።

የአሜሪካው የዜና ወኪል የአሶሺየትድ ፕሬስ የአጻጻፍ መመሪያ እንኳ ጉዲፈቻ የሚነሳው ለዘገባው አግባብ ሲኖረው ብቻ ነው ይላል። እኛ ግን አንዲት ተዋናይት አዲስ ሥራ ስትጀምር «የሁለት ልጆቿና የአንድ የጉዲፈቻ ልጅ እናት» እንላለን። የሦስት ልጆች እናት ብሎ ማለፍ ምን ይከብዳል?

ሙገሳውም ያናድደኛል። «መውለድ ስላልቻለች»፣ «ለነፍሷ ብላ»። ማን ጠየቃችሁ? ሴትየዋ ልጅ ነው የምታሳድገው፣ ምጽዋት አልሰጠችም።

የእናንተ ዘመን ደግሞ የባሰ አምጥቷል። ዩቲዩብ ላይ ልጅና ወላጅ እናት ሲገናኙ አስለቃሽ ሙዚቃ ይለቀቃል፤ ካሜራው ያሳደገቻት ፊት ላይ ዙም አድርጎ እንባዋን ይጠብቃል። ለቪው ሲባል! እኛም ቅዱሳን አልነበርንም፣ ግን ቢያንስ ሙዚቃ አልነበረንም።

ጉዲፈቻን አታንሱ ያልኩ መስያለሁ። አይደለም፤ መሸፋፈኑም ነውር ያስመስለዋል። ታሪኩ ስለ ጉዲፈቻ ከሆነ በግልጽ ጻፉት። የወለደቻትንም «ጣለቻት» አትበሉ፤ ምን እንደገጠማት አታውቁም። ሁለቱ እናቶች በአንድ ዘገባ ሲመጡ እኔ አንዷን «ወላጅ እናቷ»፣ ያሳደገቻትን «እናቷ» እላለሁ። ይህም ሁሌ አያስኬድም። ሁለቱንም «እማዬ» የምትል አለች፣ አንዷን በስሟ የምትጠራም አለች። ጠይቋትና እሷ ያለችውን ጻፉ። ርዕሱን ሌላ ሰው የሚሰጠው ከሆነ ደግሞ ማታ ደውላችሁ አጣሩ፤ ጭቅጭቅ ካለም ከመውጣቱ በፊት ይሁን።